«ቆሻሻ ናችሁ» «አዎ፣ የናንተ»

ማክሰኞ ጠዋት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከሕንጻችን ደረጃ ሥር። ጥቁር ፌስታሌን በሁለት ጣት አንጠልጥዬ፣ ፊቴን ወደ ቱሉ ዲምቱ አዙሬ፣ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው ጋሪው ላይ ሸርተት ላደርገው ስል የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሯ ልጅ ያዘችኝ። የጓንቷ አንድ ጣት ተቀዷል፤ ምላሷ ግን ሙሉ ነው።

«ጋሼ፣ ውስጡ ምንድን ነው?»

«ቆሻሻ ነዋ! ጋሪሽ ላይ ሌላ ምን ይጫናል?»

«ስሙን መች ጠየቅኩ? ዓይነቱን ነው።»

አፉን ፈታችው። የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ሁለት ሃይላንድ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የልጄ የአምና ደብተር፣ የሞተ የሪሞት ባትሪ። ሁሉም ተቃቅፈው ላብ በላብ ሆነዋል።

«ይሄማ የመርካቶ ታክሲ ነው» አለችኝ። «ማን ማን ላይ እንደተቀመጠ አይታወቅም።»

«አንቺ ረዳቷ ነሽ፤ አስተካክለሽ አስቀምጫቸዋ!»

«ረዳትማ ሒሳብ ይቀበላል። እኔ የምቀበለው ሽታ ነው።»

ተሸነፍኩ። ያደግኩት አቃቂ በሰቃ ነው፤ እኛ ሰፈር ተረብ ተወርውሮበት ያልመለሰ ሰው ለሳምንት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ስሙ ሲነሳ ይከርማል። ይህ ዓምድ ለዚህ ካልሆነ ለምን ተሰጠኝ ብዬ ልመልስላት ቁጭ አልኩ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? መልስ ባወጣሁ ቁጥር እሷ ልክ ሆና ትገኛለች።

ሰበብ አጥቼ ግን አይደለም። ሰበብ ሕንጻችን ውስጥ በየፎቁ አለ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ጀርመን ኖሮ የመጣ ነው፤ ማስረጃውም ጀርመንን ሳይጠራ ደረጃ አለመውረዱ ነው። ያን ለታ ደርሶ፣ «እዚህ አገር መለየት አይሠራም» አለን። «እዚያ ለወረቀቱ ሰማያዊ፣ ለማሸጊያው ቢጫ፣ ለምግቡ ቡኒ፣ ለቀረው ጥቁር በርሜል አለ። የኛ ሰው መለየት አይሆንለትም።»

አንደኛ ፎቅ ያሉት እማማ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና አላሉም።

«አይሆንለትም አልክ ልጄ? የጾሙን ድስት ከፍስኩ ለይቼ አርባ ዓመት ቤት ያስተዳደርኩ ሴት ነኝ። አንድ ማንኪያ ቢቀላቀልብኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጤፍ ነፍቼ፣ ገብስ አበጥሬ፣ እንክርዳድ አንገዋልዬ ነው ያሳደግኳችሁ። ይቺን ጠጠር መነጽር ሳላደርግ በጣቴ አገኛታለሁ። ታዲያ ሃይላንድና የሽንኩርት ልጣጭ ይጠፋኛል?»

«ካልጠፋዎት ለምን ይቀላቅሉታል?»

«እናንተን አይቼ ነዋ! አንድ ሕንጻ ላይ ብቻዬን ልጹም?»

ጀርመኑ ግን ወንድ ነው፤ ቶሎ አይወድቅም። «እሺ፣ እዚያ የላስቲክ ጠርሙስ ሲመልሱ 25 ሳንቲም ዩሮ ይታሰብላቸዋል። እዚህ ማን ይሰጠኛል?»

ይሄኔ ከግቢው በር ላይ ያ የምናውቀው ድምፅ መጣ። «ቆራሌ-ው!»

ሁላችንም ዝም አልን። ጀርመን አገር ሰው ጠርሙሱን ተሸክሞ ሱቅ ይሄዳል፣ ማሽን ፊት ይሰለፋል፣ ማሽኑ ጎርሶ ወረቀት ይተፋለታል። እኛ ጋ ገዢው ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በእግሩ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ እየተጣራ ይመጣል። «ቆርቆሮ ያለው» ማለት ከብዶት ሳይሆን ጊዜ ስለሌለው ነው ወደ «ቆራሌው» ያሳጠረው። ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ፣ የተበላሸ ራዲዮ፣ ሃይላንድ፣ ብረታ ብረት፣ ሁሉንም ያነሳል። ገንዘብ አልፈልግም ካልክ ደግሞ ልዋጭ አለልህ፤ አሮጌ ሱሪህን ሰጥተህ የላስቲክ ጆግ ትወስዳለህ። ይሄ ሥርዓት ያለ በርሜልና ያለ ፖስተር ነው የኖረው። ስብሰባ ስላልተጠራበት ግን «የለም» እንለዋለን።

ቆራሌው ግቢ ገባ። ጀርመኑ ሊፈትነው ፈለገ መሰል፣ «እነዚህን ሃይላንዶች በስንት ትወስዳቸዋለህ?» አለው። ከኔው ፌስታል የወጡትን ነው የሚያሳየው። ቆራሌው አንዱን አነሳ፣ የቡና አተላው እጁ ላይ ሲፈስ አየ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄን ከምገዛህ ጀበናውን ብትሸጥልኝ ይሻላል።»

መለየት የሚሉት ነገር ምስጢሩ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሊቅ አያስፈልገውም። ወረቀት ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ዕቃ ነው፣ አተላ ከነካው ደግሞ ጭቃ ነው። ሃይላንድ ባዶ ሆኖ ተጨፍልቆ ሲገኝ ብር ነው፣ የወጥ ቅሪት ከተደፋበት የዝንብ ቤት ነው። ሁለቱ በየፊናቸው ጥፋት የለባቸውም። የምናጋባቸው እኛ ነን፤ ሽማግሌ ሳይላክ፣ በጥቁር ፌስታል፣ በሌሊት። ጠዋት የማኅበሯ ልጅ በተቀደደ ጓንት ታፋታቸዋለች። ታፋታለች ስላችሁ ፍርድ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ያ የኔ ብርጭቆ ስባሪ በጋዜጣ ሳይጠቀለል የገባ ነው፣ የጓንቷም ጣት በዋዛ አልተቀደደም።

እማማ ግን አንድ ጥያቄ አላቸው፤ እውነትም ስለሆነ ልዘለው አልችልም። «እኔ የለየሁትን መኪናው መልሶ ያቀላቅለዋል። ምን ያለፋኛል?»

ልጅቷ ናት የመለሰችው። «እማማ፣ ከመኪናው በፊት እኔ አለሁ። ደረቁን ለብቻ ከሰጡኝ መኪናው ላይ አይወጣም፤ እኛ እንሸጠዋለን። መኪናው የሚወስደው እርስዎ ያቀላቀሉትን ነው።»

«ከውሃ ሒሳቤ ጋር የቆሻሻውን እየከፈልኩ፣ ደግሞ እኔው ልለይ?» አለ ጀርመኑ።

«ለፀጉር ቆራጭም ይከፈላል» አለችው። «ጭንቅላቱን ግን ባለቤቱ ነው ይዞ የሚሄደው።»

ጀርመኑ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ተመለሰ።

አሁን ሕግ እንጥቀስ፣ ተረበኛም ሕግ ያነባል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የሚባል ነበር። የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ግዴታ ጥሎበት ነበር። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ መታወቂያ አውጥቶ ሚስት ይፈልጋል፤ አዋጁ ግን ከደጃችን ቆሞ ቀረ፣ ግባም ያለው አልነበረም። ይኸው አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። አንድ ቀን ባለሱቃችንን፣ «ይሄ ፌስታል ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብለው፣ «ስኳር ነው የገዛኸው ወይስ ሱፍ ልታሰፋ ነው?» አለኝ። ፌስታሉ በውኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነበር፤ በወዲያኛው በኩል የባለሱቁ ሳቅ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጽድቆ ፌስታልን ከነቤተሰቡ አገደ፤ ይዞ ለተገኘውም በሺህ የሚቆጠር ብር ቅጣት አስቀመጠ።

ይህን ለእማማ ሳወራ ዘንቢላቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው አራገፉት። «ይቺን ‹ፋራ ነው› ብላችሁ አስጣላችሁኝ። ደግሞ ነገ ስም አውጥታችሁላት መልሳችሁ ልትሸጡልኝ ነው?» አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ቦሌ አንድ ሱቅ ውስጥ ያቺኑ ዘንቢል በመስታወት ውስጥ ተሰቅላ አይቻታለሁ። ዋጋዋን ለእማማ አልነገርኳቸውም፤ ደም ግፊት አለባቸው።

ወደ ዋናው ተረብ ልምጣ። ፒያሳ ያደገ ወዳጅ አለኝ። ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር፣ «እናንተ አቃቂዎች ቆሻሻ ናችሁ» ማለት ይወዳል። ለሠላሳ ዓመት፣ «አንተ ነህ እንጂ» እያልኩ እንደ ሕጻን ስመልስ ኖርኩ። ባለፈው ግን አእምሮዬ በራልኝ።

«አዎ ነን» አልኩት። «የናንተ።»

ካርታ ያላየ ሰው ይሄን ቀልድ ሊለው ይችላል። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የተዘረጋች ተዳፋት ናት፤ ውሃዋ ሁሉ ወደኛ ነው የሚወርደው። ትንሹ አቃቂ የከተማውን ምዕራብ አጥቦ ይመጣል። ቀበናና ግንፍሌ፣ ባንቲ ይቀጡም፣ ተያይዘው ከትልቁ አቃቂ ይገባሉ። ሁለቱ አቃቂዎች አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። ክረምት ላይ የአቃቂን ድልድይ ቆሞ ያየ ሰው የከተማውን ኑሮ ያነባል። ሐምሌ ላይ የየሰፈሩ ፌስታል በሰልፍ ያልፋል። ሃይላንዱ እየዘለለ፣ ነጠላ ጫማው እየተከተለ፣ ዳይፐሩ ሆዱን ነፍቶ እንደ ባለሥልጣን መሐል መሐሉን ይዞ። የአንዳንዱ ፌስታል የሱቁ ስም ሳይጠፋ ነው የሚደርሰው፤ ላኪው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያሻም።

ወዳጄ ሳቀ፤ ግን አልተሸነፈም። «እሺ፣ ልከንላችኋል። አደራ በልታችሁ ነው የቀራችሁት?»

«ኧረ መልሰናል» አልኩት። «የወንዙን ዳር ዳር አይተሃል? ጎመንና ሰላጣ የሚለማው በዚያው ውሃ ነው። ከዚያ ተጭኖ ገበያ ይወጣል። ትናንት የበላኸው ሰላጣ ማን የላከው መሰለህ?»

ማኪያቶውን አስቀመጠ። ሰላጣ መብላት ያቆመ መስሎኛል፤ ፌስታል መጣል ማቆሙን ግን አልጠየቅኩትም።

አባ ሳሙኤልን ካነሳሁ አይቀር፦ ግድቡ ከኢጣልያ ወረራ ዘመን የመጣ፣ አገሪቱ ካሏት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች ቀደምቱ ከሚባሉት ነው። የደለሉና የእምቦጩ ነገር አስቸግሮት ለረጅም ዘመን ቆሞ፣ በቻይና እርዳታ ታድሶ ነው እንደገና መሥራት የጀመረው። ልጅ ሆነን ትልልቆቹ ዓሣ እናጠምዳለን ብለው ይወርዱ ነበር። አንዱ ሲመለስ፣ «ምን ያዝክ?» ሲሉት፣ «ሁለት ቆሮሶና አንድ የግራ እግር ጫማ» አለ። የቀኙ በማግስቱ ይመጣል ብሎ ተመልሶ መውረዱን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራል።

በወንዝ ሳይሆን በመኪና የሚጫነው ቆሻሻ ግን ወደኛ አይመጣም፤ ወደ ረጲ፣ ወደ ቆሼ ነው የሚሄደው። ቆሼ ስሙን ከቆሻሻ ወስዶ ለሃምሳ ዓመት ያህል የከተማውን ሁሉ ፌስታል ተሸከመ። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች እህላችን፣ ከብታችን፣ አየራችን ብለው ተነሡና በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ መኪናው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ቁልሉ ተናደ። ከመቶ አሥር በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ፣ ቤታቸው ውስጥ የተቀመጡ።

እዚህ ላይ ተረብ የለኝም።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ። ጥሩ ነው። የኛ ቆሻሻ ግን ከግማሹ በላይ የጓዳ ነው፣ ልጣጭና ቅሪት፣ ውሃ የጠገበ። የማኅበሯ ልጅ ይህን በራሷ መንገድ ነው የምታስረዳው፦ «ጋሼ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ አንድደው ያውቃሉ? ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ሽሮው አይፈላም።» እማማ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳት ከማንደድ የሚበልጥ የኢንጂነሪንግ ትምህርት አልተማሩም፤ የሚበልጥም ያለ አልመሰላቸውም።

እርጥቡም ቢሆን ደግሞ ለብቻው ከተገኘ የሚፈልገው አያጣም። አቃቂ ገና ላም ያለበት ሰፈር ነው። ጠላ ጠማቂዎቻችን አተላውን የትም ሲደፉ አይታችኋል? ከብት አርቢው በጀሪካን ተሰልፎ ይወስደዋል። የድንችና የጎመን ልጣጭም እንደዚሁ በግ አፍ ውስጥ ያልቃል። የፌስታል ቁራጭ ከገባበት ግን በጉ ሆዱ ውስጥ ይዞት ይሞታል፤ ለፋሲካ ያረደ ሰው ምን እንዳገኘበት ይጠየቅ። «በግ አርጄ ዕቃ ግምጃ ቤት ከፈትኩ» ያለው ሰውዬ የኛው ሰፈር ነው።

ደረቁ ደግሞ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። መርካቶ ውስጥ «ምን አለሽ?» ተብሎ የተሰየመ ሰፈር ያለው ሕዝብ ስለ መለየት ከጀርመን ትምህርት መጠበቁ ይገርመኛል። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪና ጎማው በረባሶ። ቁርጥራጭ ብረቱ እየተጠራቀመ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል፤ እኛው ሰፈር ዙሪያ ያሉ የብረት ፋብሪካዎች አቅልጠው ፌሮ አድርገው ያወጡታል። የኔ አራተኛ ፎቅ ውስጥ የማን አጎት አልጋ እንዳለ አላውቅም። ሌሊት ሌሊት ሲንቋቋ ግን እጠረጥራለሁ።

የሃይላንድ ነገር ለብቻው ዓምድ ይፈልጋል። የአንድ ውሃ መጠሪያ ነበር፤ የላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። እኛ ቤት አንድ ሃይላንድ ከመጣሉ በፊት ውሃ ይይዛል፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ቀጥሎ ላምባ፤ ዕድለኛ ከሆነ ደግሞ ጸበል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያላወቀ እንግዳ አራተኛ ነው ብሎ ከጠጣ ግን የራሱ ጉዳይ ነው። ከዚህ ሁሉ አገልግሎት በኋላ ጡረታ ሲወጣ ጀርመኑ፣ «እኛ ዕቃ ደግመን አንጠቀምም» ይላል። ሃይላንዱ አፍ ቢኖረው ኖሮ…

እንግዲህ የሕንጻችን ሊቀመንበር ሻምበል ስብሰባ ጠሩ። ቅዳሜ፣ ከሕንጻው ጀርባ፣ በየቤቱ የመጣ በርጩማ ላይ። ሻምበል ቆመው፣ በወታደር ድምፅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ማዳበሪያ ይቀመጣል አሉ፣ አንዱ ለሚበሰብስ፣ አንዱ ለማይበሰብስ። ባትሪና የጠርሙስ ስባሪ ለየብቻ ተጠቅልሎ በእጅ ይሰጣል። ዳይፐር የትኛውም ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው ይታሰራል።

«አጥንትስ ከየትኛው ነው ሻምበል?» አለ አንዱ።

«የሚበሰብስ!»

«የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ የጋጠው ከሆነ ግን ከማይበሰብሰው ነው፤ ምንም አልቀረበትም።»

ሁለተኛ ፎቅ ተነሣ፣ ሊማታ መስሎን ነበር፤ «አጥንት መጋጥ የቻለ ጥርስ አለው፣ ያንተን ጥርስ የትኛው ማዳበሪያ ውስጥ ጣልከው?» ብሎ ተቀመጠ። ስብሰባው እንደዚህ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቀጠለ። ሻምበል በመጨረሻ ሁሉንም በዝርዝር የጻፉበትን ማስታወቂያ አወጡ፤ ማተሚያ ቤት ወስደው፣ ከራሳቸው ኪስ ከፍለው፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቅጂ አባዝተው፣ በእያንዳንዱ ላይ ፈርመውበታል። በየበራችን ሥር አስገቡልን።

ማክሰኞ ጋሪው መጣ። ሻምበል ውጤቱን ለማየት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ኮፍያቸውን አድርገው ወረዱ፣ እኔም ለዓምዴ አንድ ነገር ባገኝ ብዬ ተከተልኩ። ሁለቱ ማዳበሪያዎች ሞልተዋል። ልጅቷ «የሚበሰብስ» የተባለውን ዘረገፈችው። አንድ ማስታወቂያ፣ የሽሮ ቅሪት ተጠቅልሎበታል። ሌላ ማስታወቂያ፣ የቡና አተላ። ሌላ፣ የእንቁላል ቅርፊት። ሌላ፣ የሕጻን ነገር።

«ማን ነው ይሄን ያደረገው?» አሉ ሻምበል፣ ድምፃቸው እስከ ቂሊንጦ ተሰማ።

«አድራሻ የለውም» አለች። «ፊርማው ግን የርስዎ ነው።»

ሻምበል ኮፍያቸውን አወለቁ። ልጅቷ ሁለተኛውን ማዳበሪያ ከፈተችና ከሃይላንዶቹ መሐል አንዲት ንጹሕ ወረቀት አወጣች፣ ያልረጠበች፣ ያልተጨማደደች፣ ከታጠፈችበትም ያልተገለጠች። ለቆራሌው በደረቅ ወረቀት ሒሳብ የምትሸጥ። ወደ ላይ አንሥታ አሳየችን።

«ከሁሉ ቤት አንድ ሰው ብቻ በትክክል ለይቷል ሻምበል። የማን ናት?»

ሻምበል ዞረው አዩኝ። ጫፏ ላይ የኔ የቤት ቁጥር በእጃቸው ተጽፎባታል።

«አነበብካት እንዴ?» አሉኝ በተስፋ።